ባሕሩ ይቆየንና፣ አባያን አይታችሁታል?

«ቲቸር፣ ምነው ጠፉብን?» እያላችሁ በውስጥ መስመር የምትጽፉልኝ የድሮ ተማሪዎቼ። አልጠፋሁም፤ ሞተር ገዝቼ ነው። አዎ፣ በዚህ ዕድሜዬ። መሳቅ የፈለገ ይሳቅ፣ ባለቤቴ ቀድማችኋለች።

ጽሑፉ ይረዝማል። ቡናችሁን አፍልታችሁ አንብቡት፤ ካልተመቻችሁም ለነገ አቆዩት፣ አልቀየምም።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ጥያቄ ነው። ጂኦግራፊ ሳስተምር ስለ ባሕር ዳርቻ የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ደርሰን ነበር። ባሕረ ሰላጤ ይህ ነው፣ ባሕረ ገብ መሬት ይህ ነው እያልኩ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ስሥል ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ እርስዎ ባሕር አይተው ያውቃሉ?» አለችኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁና «ጨረቃ ላይም ወጥቼ አላውቅም፣ ግን አስተምራለሁ» ብዬ አለፍኩት። ጎበዝ መልስ የመለስኩ መስሎኝ ነበር። ማታ ቤት ስገባ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። ባሕሩስ ይሁን፣ ሩቅ ነው፣ ገንዘብ ይጠይቃል፣ ፓስፖርት ይጠይቃል። አባያስ?

ዲላ ላይ ማስመሪያ አስቀምጣችሁ ወደ ምዕራብ ብትለኩ የሐይቁ ዳርቻ በቀጥታ መስመር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ከ1,100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ፣ በአገራችን ከጣና ቀጥሎ ትልቁ ሐይቅ ደጃችን ላይ ተኝቷል። እኔ ደግሞ ኢዲዶ ተወልጄ፣ ይርጋጨፌ ተምሬ፣ ዲላ አስተምሬ፣ ከ50 ዓመት በላይ ኖሬ ዳርቻውን ረግጬው አላውቅም ነበር። አርባ ምንጭ ለስብሰባ ሄጄ ከሆቴል በረንዳ ላይ፣ ማኪያቶ ይዤ፣ ከሩቅ አይቼዋለሁ። ያ ማየት ከተባለ።

ካለፈው ዓመት ወዲህ ፌስቡክ ስከፍት የባሕር በር ባለሙያ ያልሆነ ሰው አጥቻለሁ። ጉዳዩ አያገባኝም እያልኩ አይደለም። በ1985 ኤርትራ ነፃ አገር ከሆነች ወዲህ ያለ ወደብ የቀረን ሕዝብ ነን። የኢዲዶ ቡና ቶኪዮም ይሂድ ሲያትል፣ መጀመሪያ በጭነት መኪና ወደ ጅቡቲ መውረድ አለበት። የእኛ መንደር ስም ባሕር ተሻግሮ የሰው አገር ካፌ ግድግዳ ላይ ተጽፏል፤ ስሙን ያወጣው ገበሬ ግን ባሕሩን አያውቀውም። ይህ ያንገበግባል፣ እሺ። የሚገርመኝ ሌላ ነው። ስለ ቀይ ባሕር ሦስት ገጽ የሚጽፈው የሰፈራችን ልጅ ከዲላ ገበያ ትንሽ አለፍ ብሎ ያለውን የጎረቤት ወረዳ ረግጦት አያውቅም። «ለምን አትሄድም?» ስትሉት ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ለምን ዝቅ እንደሚያደርግ እናውቃለን። ወደ አባያ የሚወስደው መንገድ ምዕራብ ጉጂን ያቋርጣል። ከ2010 ወዲህ ደግሞ ያ መንገድ በልባችን ውስጥ ተዘግቷል።

2010ን ማስታወስ የማይፈልግ ብዙ ሰው አለ፣ አልፈርድበትም። በዚያ ዓመት ከሚያዝያ ጀምሮ በሁለቱ ዞኖች ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። የሚበዛው ከምዕራብ ጉጂ የወጣ ጌዴኦ ነው። ከእኛ ዘንድ የሸሸ ጉጂም አለ፤ ይህን ሁለተኛውን ስናወራው ግን አትሰሙም። ትምህርት ቤቶቻችን መጠለያ ሆኑ። እኔ የማስተምርበት ክፍል ውስጥ የአፍሪካ ካርታ የተሰቀለበት ሚስማር ነበር። አንዲት እናት የልጇን ጨርቅ አጥባ እዚያ ሚስማር ላይ፣ በካርታው ላይ ደርባ ትሰቅል ነበር። ከማዳጋስካር ላይ ውሃ ሲንጠባጠብ አያለሁ። ከዚያ በኋላ ያንን ካርታ ይዤ ማስተማር ከብዶኝ ሌላ አስመጣሁ።

እንግዲህ ባለፈው ጥር መጨረሻ፣ ቡና ተለቅሞ አብዛኛው ከአልጋ ላይ ሲነሳ፣ ሞተሬን አስነስቼ ሄድኩ። ያገለገለ ቦክሰር ነው። አቅሙን የሚያውቅ ሞተር ነው፤ አቀበት ላይ ቢያቃስትም አይዋሽም።

ከመሄዴ በፊት የሰማሁትን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። «ለቅሶ አለ?» የለም። «ሠርግ ነው?» አይደለም። «መሬት ልትገዛ ነው?» ኧረ። «ታዲያ ምን ሆነህ ነው?» አሉኝ። አገራችን ውስጥ ሰው ያለ ምክንያት መንገድ ሲሄድ ወይ ታሟል ወይ ተጣልቷል። ዝም ብዬ ልይ ብዬ ነው ማለት ምክንያት አይደለም። ባለቤቴ ብቻ ረጋ ብላ «ስትደርስ ደውል፣ ስትመለስ ደውል፣ ካልደወልክ እኔ እመጣለሁ» አለችኝ። እንደምትመጣ ስለማውቅ ስልኬን ሁለት ጊዜ ቻርጅ አደረግኩ።

ከኢዲዶ ስወጣ ጭጋግ ነበር። የመንደራችንን ጭጋግ የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ ፊት ለፊት የሚመጣውን ሰው ከማየታችሁ በፊት ሳሉን ትሰማላችሁ። ይርጋጨፌ ስደርስ አስፋልቱ ላይ ቆምኩ። ይህ በየቀኑ ሳሙና ልንገዛ የምንሻገረው መንገድ ከካይሮ ኬፕታውን የሚባለው የአፍሪካ አገር አቋራጭ መንገድ አካል እንደሆነ ስንት ተማሪ አስተምሬ ስንቱ እንደረሳው አላውቅም። ወደ ግራ ብታጠፍ ሞያሌ ነው። ከዚያ ማርሳቢት፣ ኢሲዮሎ፣ ናይሮቢ፣ በመጨረሻም ሞምባሳ፣ የሕንድ ውቅያኖስ። ከሞያሌ ወዲያ ብቻ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ማስመሪያ ይዤ ያልለካሁት ማታ የለም። የጡረታ ደመወዜንም ለክቼዋለሁ፣ እሱ ማርሳቢት ሳይደርስ ያልቃል። ወደ ቀኝ አጠፍኩ።

ከይርጋጨፌ እስከ ወናጎ፣ ከወናጎ እስከ ዲላ ያለውን ለእናንተ መተረክ ለቀባሪው ማርዳት ነው። ግን በሞተር ብቻችሁን ሂዱበት፣ ሌላ መንገድ ይሆናል። በሚኒባስ ስትሄዱ የምትሰሙት የረዳቱን ጩኸት ነው። በሞተር ሽታውን ትሰማላችሁ፦ የሚደርቀውን ቡና፣ የሚፋቀውን እንሰት፣ ጭሱን። በመስከረም 2016 ሪያድ ላይ የጌዴኦ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ብዙዎቻችን ጨፈርን፤ ምን እንደተመዘገበ ግን ስንቶቻችን ገብቶናል? የተመዘገበው ሙዚየም አይደለም። ከላይ ትልልቅ ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰት፣ ከእሱ ሥር ቡና አድርጎ፣ ከተራራ ጫፍ እስከ ጫፍ አፈሩን ይዞ፣ በአገሪቱ ገጠር ሰው እጅግ ከተጨናነቀባቸው ቦታዎች በአንዱ ሕዝቡን እየመገበ የኖረ አሠራር ነው። የትክል ድንጋዮቹና የአባቶች ጥብቅ ደኖቹም አብረው። አያቴ ያለ ዲፕሎማ የምትሠራው ሥራ ማለት ነው።

(በነገራችን ላይ፣ እዚህ መንገድ ላይ ሦስት ሰው ጭናችሁ፣ ሄልሜቱን ክንዳችሁ ላይ አንጠልጥላችሁ በአጠገቤ የምታልፉ ልጆች፣ ብዙዎቻችሁን አስተምሬአችኋለሁ፣ አውቃችኋለሁ። ክርን አይደለም የሚሰበረው። ሄልሜቱን ጭንቅላታችሁ ላይ አድርጉት። ይህን ብቻ ሰምታችሁ ሌላውን ባታነቡት ደስ ይለኛል።)

ዲላ ቤንዚን ሰልፍ ነበር። ሁለት ሰዓት ቆሜ ሲሰለቸኝ እንደሁላችሁም ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ገዛሁ። መምህር ሆኜ ይህን ማድረጌን አልኮራበትም፣ ግን ዋሽቼ ደግሞ ከማደያ ቀዳሁ አልልም።

ከዲላ ወደ ምዕራብ ስትወርዱ አገሩ ፊቱን ይቀይራል። እንሰቱ እያነሰ፣ ዛፉ እየሳሳ፣ ሙቀቱ ከጃኬት ውስጥ እየገባ ይመጣል። ዲላ ራሷ ከ1,500 ሜትር በላይ ናት፣ ሐይቁ ደግሞ 1,200 ሜትር አካባቢ፤ በዚያች አጭር መንገድ ከቆጮ አገር ወደ በቆሎና ከብት አገር ትገባላችሁ። ኮረኮንቹ ላይ ሚሊሻዎች አስቆሙኝ። መታወቂያ አሳየሁ። «ብቻህን ነህ?» አለኝ አንደኛው። ብቻዬን ነኝ። «ምን ይዘሃል?» ውሃ፣ ዳቦ፣ ትርፍ ከመነዳሪ። ዳቦውን አይቶ ሳቀና «በል ሂድ» አለኝ። በቡድን፣ በመኪና፣ ባንዲራ ይዘን ብንመጣ ኖሮ ሳቁን አላገኘውም ነበር ብዬ አስባለሁ።

ከዚያ ብዙም ሳልሄድ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። የግራር እሾህ ነው። ከመነዳሪ ይዤአለሁ፣ መፍቻ ይዤአለሁ፣ የጎማ መንፊያ ረስቻለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት «ከፈተና በፊት እርሳስና ላጲሳችሁን አረጋግጡ» ስል የኖርኩ ሰው።

ከግራር ጥላ ሥር ከብት የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሄጄ በተሰባበረ ኦሮምኛ «አካም ጅርቱ» አልኳቸው። መለሱልኝ፣ ሞተሩን አዩት፣ አንድ ልጅ ጠርተው መንፊያ እንዲያመጣ ላኩት። እኔንም ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝና «ከየት ነው የመጣኸው ልጄ?» አሉኝ።

እዚህ ጋ የማፍርበትን ልናገር። «ከዲላ» አልኩ። ውሸት አይደለም፣ ያን ቀን ከዲላ ነው የመጣሁት። ግን ለምን እንዳልኩት አውቃለሁ። ዲላ የሁሉም ከተማ ናት፤ ጉራጌውም፣ አማራውም፣ ሲዳማውም፣ ኦሮሞውም አለባት። ከዲላ ነኝ ያለ ሰው ማን እንደሆነ አልተናገረም። ሽማግሌው ዝም ብለው አዩኝና በጥሩ ጌዴኡፋ «አይ፣ አንተስ የይርጋጨፌ ሰው ነህ፤ አነጋገርህ ይናገራል» አሉኝ።

መሬት ብትዋጠኝ ደስ ባለኝ።

ጌዴኡፋውን የተማሩት ገበያ ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ዲላና ወናጎ ገበያ ከብት እየነዱ ሲመላለሱ ኖረዋል። ወናጎ አንድ ወዳጅ ነበራቸው። የእሱን ጊደር እሳቸው ቆላ ያረቡለት፣ እሱ ደግሞ ቡናና ቆጮ ይልክላቸው ነበር። እንዲህ ያለ ወዳጅነት በሁለቱ ሕዝቦች መካከል አዲስ ነገር አይደለም፤ አባቶቻችንም ደራሶና ጉጆ ወንድማማቾች ናቸው ሲሉ ነው የኖሩት። ከ2010 በኋላ ግን ወሬው ተቋረጠ። ሰውዬው ጊደሯን ሊጠይቅ አልመጣም፣ እሳቸውም ሊወስዱለት አልሄዱም። ጊደሯ አድጋ ወልዳለች። «ጥጃዎቹ የሱ ናቸው» አሉኝ በበትራቸው እያሳዩ። ሁለት ቀይ ጥጆች። «በሕይወት ካለ ንገርልኝ።»

ልጁ መንፊያ ይዞ መጣ፣ ጎማው ተነፋ፣ እርጎ ጠጣሁ፣ ገንዘብ ላወጣ ስል ተቆጡኝ። ስልክ ቁጥር ተለዋወጥንና ሄድኩ።

ሐይቁን የት ጀመርኩት? አዎ። ዳርቻው ላይ ስደርስ ከቀትር በኋላ ነበር። መጀመሪያ ያየሁት ሰማያዊ አልነበረም። እንደተማርነው ውሃ ሰማያዊ መሆን ነበረበት፤ አባያ ግን ቀይ ሻይ በወተት ይመስላል። መጽሐፉ ላይ አለ፣ አስተምሬዋለሁም፦ ውሃው ላይ የተንሳፈፈ ደለል ነው። ማስተማርና እጅን ነክሮ ማውጣት ግን ለየቅል ነው። እጄ ላይ የቀረው አፈር ነው። ከይርጋጨፌ በኩል ያለው ተዳፋት ውሃ ወደ ጋላና ይወርዳል፣ ጋላና ወደ አባያ። ምናልባት ከእጄ ላይ ያራገፍኩት ከአባቴ እርሻ የታጠበ ነው። አባያ ደግሞ ወደ ውቅያኖስ መውጫ የለውም። ቡናችን ቀይ ባሕር ይደርሳል፣ አፈራችን እዚህ ይቀራል። ጥላ ዛፉን ቆርጦ ባሕር ዛፍ ወይም ጫት ብቻ የሚተክል ሰው ስታዩ ይህንን ውሃ አስቡልኝ፤ ዩኔስኮ የመዘገበው ነገር የሚፈስበት ቦታ ይህ ነው።

ማዶ የጋሞ ተራሮች ይታያሉ። ሐይቁ ላይ ደሴቶች አሉ፤ ጊዲቾ የሚባለው ላይ ሰው ይኖራል፣ በጀልባ እየተመላለሰ። በ1890ዎቹ አጋማሽ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ቦቴጎ የሚባል ጣሊያናዊ መጥቶ ሐይቁን በንግሥቱ ስም «ማርገሪታ» ብሎት ሄደ። አንዳንድ አሮጌ ካርታ ላይ እስከዛሬ አለ። ሰውየው ከጣሊያን ድረስ መጥቶ አይቶት ስም ያወጣለታል፣ እኔ ከኢዲዶ መምጣት አቅቶኝ ሃምሳ ዓመት አለፈ። ይህን እያሰብኩ ጫማዬን አውልቄ እግሬን ልነክር ስል አንድ ዓሣ አጥማጅ ልጅ በጩኸት መለሰኝ። አዞ። «እዚያ ጋ ማንም አይቆምም» አለኝ፤ ለምን እንደማይቆም የሚያውቅ ሰው አነጋገር ነው። እንግዲህ የባሕር ዳርቻ ሽርሽሬ ይኸው ነው፦ ከውሃው አሥር እርምጃ ርቄ፣ ካልሲዬን እንዳደረግኩ።

ልጁ ቆሮሶ ጠብሶ ሸጠልኝ። ፎቶ አነሳሁና ለዚያች ከኋላ ትቀመጥ ለነበረችው ተማሪዬ ላክሁላት፤ ዛሬ አዲስ አበባ ነርስ ናት። ወዲያው መለሰችልኝ፦ «ቲቸር፣ ይሄ ባሕር አይደለም።» አስተምሬአታለሁ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሐሳቤ ልምጣ፤ ዝም ብዬ ጉዞዬን ላወራላችሁ አይደለም የተቀመጥኩት።

ከ2010 ወዲህ በጌዴኦና በጉጂ መካከል ስንት የሰላም ኮንፈረንስ ተደርጓል? እኔ ራሴ ሦስቱ ላይ ተቀምጫለሁ። አዳራሽ፣ ባነር፣ ኮፍያ፣ የታሸገ ውሃ፣ ውሎ አበል። በአንድ በኩል እኛ፣ በሌላ በኩል እነሱ፣ በመካከል አስተርጓሚ፤ ሽማግሌዎቻችን ያለ አስተርጓሚ እየተግባቡ። የአባቶችን ሥርዓት እየነቀፍኩ አይደለም። ጎንዶሮ ትልቅ ነገር ነው፣ ደም የሚያቆም ነገር ነው፣ አክብሬው ነው የምናገረው። ግን ሥርዓቱ በሩን ይከፍታል እንጂ በእኛ እግር አይሄድልንም። ኮንፈረንሱ አልቆ ሁሉም በመጣበት መኪና ይመለሳል። ማንም የማንንም ጊደር አይጠይቅም። እነዚያ ሁለት ጥጆች የትኛውም የአቋም መግለጫ ላይ የሉም።

በቡድን ስንሄድ ሰው አያስፈልገንም። ምግባችን ከእኛ ጋር ነው፣ ወሬያችን ከእኛ ጋር ነው፣ ፍርሃታችንም ከእኛ ጋር ነው፣ እንዲያውም እርስ በርስ እንጨማመርበታለን። ብቻውን የሄደ ሰው ግን ጎማው ይተነፍሳል፣ ውሃ ይጠማዋል፣ መንገድ ይጠፋዋል፣ ስለዚህ አፉን ከፍቶ መለመን አለበት። የለመነውን ሰው ደግሞ ከዚያ በኋላ «እነሱ» ብሎ መጥራት ይከብደዋል። እኔ ያን ቀን ያገኘሁትን በሦስት ኮንፈረንስ አላገኘሁም። ያገኘሁት ደግሞ መንፊያ ስለረሳሁ ነው።

«ቲቸር፣ ልጆቹን ሊያስጨርሱ ነው?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ዝም ብላችሁ ሂዱ አላልኩም። እኔ ከመሄዴ በፊት ለአራት ሰው ደውያለሁ፣ መንገዱን ጠይቄአለሁ፣ በጠዋት ወጥቼ ሳይመሽ ተመልሻለሁ። አይሆንም ቢሉኝ ኖሮ አልሄድም ነበር፤ ዛሬ የሚሆነው ነገ ላይሆን ይችላል። በ2010 ዘመድ የቀበረ ሰውንም «ሄደህ እርጎ ጠጣ» ልለው መብት የለኝም። እኔ የምናገረው ምንም ሳይደርስበት፣ በወሬ ብቻ መንገዱን ለዘጋው፣ እንደ እኔ ላለው ሰው ነው። እንዲህ ያለው ደግሞ ይበዛል።

አንድ ያልመለስኩት ጥያቄ ግን አለ። ማታ ተመልሼ ስተርክ ልጄ እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «አባዬ፣ እኔ ብሆን ብቻዬን በሞተር ሂጂ ትለኝ ነበር?» አለችኝ። ዝም አልኩ። አልልም ነበር። ለምን እንደማልል ለማስረዳት ሞከርኩ፣ የተናገርኩት ሁሉ ጎረቤቶቼ ስለ አባያ መንገድ ለእኔ የነገሩኝ ሆኖ አገኘሁት። አንዳንዱ ፍርሃት እውነት ነው፣ አንዳንዱ ወሬ ነው፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ስለ እሷ ጉዳይ አላጣራሁም። ለእኔ ጉዳይ አራት ሰው ጋ ደውያለሁ፣ ለእሷ ለማንም አልደወልኩም። ሞተሩን መንዳት እየተማረች ነው። የኢዲዶን አቀበት ባለፈው እሑድ ከእኔ በተሻለ ማርሽ ወጣችው።

የሽማግሌው መልእክትስ? በማግሥቱ ወናጎ ወርጄ ጠየቅሁ። ቤቱን ለማግኘት ብዙ አልፈጀብኝም። ሰውዬው ሞተዋል። ሁለት ዓመት አልፏቸዋል።

ስልኩን ይዤ ቁጭ አልኩ። ክፍል ውስጥ ስንት መርዶ ለተማሪ ነግሬአለሁ፣ ይህ ከበደኝ። ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፣ ከኋላ ከብቶቹ ይሰማሉ። ከዚያ «ለቅሶ አልደረስኩም» አሉ። ሌላ ነገር አላሉም። የስንት ዓመት ወዳጅ ሞቶ፣ ቢነጉዱ በግማሽ ቀን ከሚደረስበት መንደር፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ወሬው ሳይደርሳቸው ቀረ። ከባሕር ማዶ የቡና ዋጋ በአንድ ቀን ይደርሰናል።

ባለፈው ሳምንት ደወሉልኝ። መጥተው የሟቹን ቤተሰብ ማስተዛዘን ይፈልጋሉ፣ ጥጆቹንም እንዴት እንደሚያስረክቡ መነጋገር። «መንገዱ ለእኔ እንዴት ነው ልጄ?» አሉኝ።

እኔ ልሄድ ስል የጠየቅኩትን እሳቸው ወደ እኛ ሊመጡ ሲሉ ጠየቁኝ። የእኛ መንገድ ሰው የሚፈራው መንገድ ይሆናል ብዬ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም ነበር። እንደገና ስልክ መደወል ጀመርኩ፣ አሁን ስለ ራሴ አገር። አንዱ «ምን አስቸኮላቸው?» አለኝ። አንዱ «ይምጡ፣ እኔ ቤት ይደሩ» አለኝ። የሟቹ ልጅ ሁለት ቀን መልስ ሳይሰጠኝ ቆየ። ረቡዕ ማታ ደውሎ «ይምጡ፤ እናቴ ታውቃቸዋለች፣ ድምፃቸውን እንኳ ታስታውሳለች» አለ።

ቅዳሜ ዲላ ድረስ በመኪና ይመጣሉ፣ ከዚያ እኔ እወስዳቸዋለሁ። ትናንት ሁለተኛ ሄልሜት ገዛሁ። ሻጩ «ለልጅ ነው ለአዋቂ?» ሲለኝ ለሽማግሌ ነው አልኩት፤ የቀለለውን መርጦ ሰጠኝ። መንፊያም ገዝቻለሁ።